ጀቤሳ ከአዳማ፣ መስመር ላይ ነዎት

በየከተማው ሬዲዮ ጣቢያ የሚደውል አንድ ሰው አይጠፋም። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይጠፋል፤ እሱ ግን አይጠፋም። ለአዳማ የደረሳት ጀቤሳ ነው። በአዘቦት ቀን ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ባህል የሚያወያየው ፕሮግራም ሲጀምር ግን ክቡር አቶ ጀቤሳ ዘአዳማ ይሆናል።

ይህን ክብር በቅርብ የሚከታተለው፣ ሱቁ ከጀቤሳ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የውኃ ፓምፕ መካኒኩ ብዙነህ ነው። «የሚከታተለው» ያልነው ለጨዋነት ነው፤ እውነቱ ቅናት ነው፣ አንጀት የሚያሳርር ቅናት። ብዙነህ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ፕሮግራም ደውሏል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ መስመሩ ተይዟል። ማን እንደያዘው ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በግድግዳው በኩል ይሰማዋል።

«አካም ጅርቱ! የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኔ በበኩሌ ነገሩን በሦስት ከፍዬ ነው የማየው!»

ምርጫም ይሁን ክትባት፣ ጨረቃ ላይ መውጣትም ይሁን የሠርግ ድግስ፣ ለጀቤሳ በሦስት ይከፈላል። ሦስተኛው ላይ ደርሶ አያውቅም፤ ሰዓት ያልቃል። አዘጋጇ ግን እየሳቀች «የምንወድዎት አድማጫችን» ትለዋለች። ሰኞ ገበያ ሲወጣ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «ጀቤሳ፣ ሰማንህ እኮ!» ብላ ሁለት ሦስት ራስ ትመርቅለታለች። ለብዙነህ ማን ምን መርቆለት ያውቃል?

አንድ ቀን አላስችል ብሎት ምስጢሩን ጠየቀው።

«አየህ ብዙዬ፣» አለ ጀቤሳ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «አንተ መጀመሪያ ታስባለህ፣ ከዚያ ትደውላለህ። ስህተት ነው! እኔ ገና ማስታወቂያው ላይ እያሉ እደውላለሁ። የማስበው መስመር ከያዝኩ በኋላ ነው።»

ብዙነህ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ርዕሱ «የጉድጓድ ውኃችን ወዴት እየሸሸ ነው?» የሚል ነበር። ወይ ጉድ! ብዙነህ ዓለም ጤና ከተማ ዙሪያ የሽንኩርት እርሻ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ሃያ ዓመቱ ነው። ውኃው በራቀ ቁጥር ቧንቧ የቀጠለው እሱ ነው፤ ስንት ሜትር እንደራቀ በገዛ እጁ ያውቀዋል። ይህንን እንኳ ጀቤሳ ቀድሞት በሦስት ከከፈለው፣ በቃ፣ ሱቁን ዘግቶ አገር ይለቃል። ገና ማስታወቂያው ላይ እያሉ ደወለ።

ገባለት!

«ሃሎ፣ ማን እንበል?»

ብዙነህን ላብ አጠመቀው። የስድስት ዓመት ሰላምታ ተጠራቅሞበታል። አዘጋጆቹን፣ ቴክኒሻኑን፣ በያለበት ያለውን አድማጭ፣ ዓለም ጤና ያሉ ደንበኞቹን፣ አቦምሳ ያለች እህቱን፣ ቡልቡላ ያሉ አማቶቹን አንድም ሳይዘል ሰላም አለ። የአማቱን ወገብ እንዴት እንደሆነ እየጠየቀ ሳለ አዘጋጇ «እናመሰግናለን፣ ሰዓታችን ውስን ነው» ብላ ዘጋችበት።

ቁርስ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ የሺዓለም ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

«ቀጣዩ አድማጫችን...» አለች አዘጋጇ ድምፅዋ ፈክቶ፣ «ጀቤሳ ከአዳማ፣ መስመር ላይ ነዎት!»

«በል እንግዲህ፣ ጨርሰኝ!» አለ ብዙነህ ለግድግዳው።

ጀቤሳ ሰላምታውን እንኳ ዘለለ። «እኔ ስለ ውኃ የማውቀው መጠጣቱን ነው። አሁን የዘጋችሁበት ሰውዬ ግን ጎረቤቴ ነው፤ የዚህን አገር ጉድጓድ አንድ በአንድ ያውቀዋል። እኔ እስከ ዛሬ ያወራሁት ይበቃል፤ የኔን ደቂቃ ለእሱ ስጡት። ስልኩን ጻፉ...» ብሎ ቁጥሩን ጠራላቸው።

እውነቱን እንናገር፣ ብዙነህን መጀመሪያ የተሰማው ያው ቅናት ነው። ሰውዬው ደግነቱንም እንኳ በሬዲዮ ያሳምረዋል! ቀጥሎ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«...ፓምፕ የታመመበትን በድምፁ ብቻ ነው የሚለየው፣» ጀቤሳ ቀጥሏል፣ «አንድ ጊዜ መቂ ላይ...»

ይሄኔ የብዙነህ ስልክ ጠረጴዛው ላይ መጮህ ጀመረ።

«አንሳው እንጂ ሰውዬ!» አለች የሺዓለም። «ጣቢያው ነው!»

ብዙነህ በእጁ ዝም በይ አላትና የሬዲዮውን ድምፅ ጨመረ።

«ቆዪ አንቺ! ጀቤሳ እያወራ አይደል እንዴ? ይጨርስ።»