በቅናሽ የተገዛው ሃምሳ ካሊበር

አሜሪካ ገብቶ ጥቂት ዓመት የቆየ ሐበሻ ወንድ ሁሉ አያቱ ፊታውራሪ ናቸው። አትሳቁ! ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አገር ቤት ሳለ ስለ አያቱ ሲጠየቅ «ኧረ እኔ አልደረስኩባቸውም» ይል የነበረ ሰው፣ ላስ ቬጋስ ገብቶ ሁለት ቢራ ሲቀምስ አያቱ ጎራዴ ታጥቀው ከመቃብር ይነሳሉ። ሦስተኛው ላይ ዝሆን ይጥላሉ። አራተኛው ላይ... አራተኛውን ተዉት፣ ሰውዬው መንዳት አለበት።

የኔ አያት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደሴ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ አድነው የያዙት ነገር ቢኖር ምንጣፍ ላይ የወደቀ መርፌ ነው። ይህን ልቤ እያወቀ ነው እንግዲህ፣ ኖርዝ ላስ ቬጋስ የሚስቴ ወንድም የጌታሁን ቤት ተጋብዘን ሳለ፣ በሚስቴ አባት ፊት ብድግ ብዬ «እኔ እኮ የአዳኝ ዘር ነኝ!» ያልኩት።

ምን አስባለህ አትሉኝም? የሚስቴ አባት አባባ ተሰማ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን መጥተው ክረምቱን እኛው ጋ ከረሙ። እንቁጣጣሽን ውለው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃቸው ጎረቤት አለ፤ «ልጆችዎ እንዴት ናቸው? አማችዎስ ምን ይሠራል?» የሚል። የጌታሁን መልስ አያስቸግርም፣ ቤት ገዝቷል፣ የጭነት መኪና አለው። የኔስ? እኔ ካዚኖ በር ላይ ቆሜ የእንግዶችን መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ አደርጋለሁ። እስቲ ይህን ለአባባ አስረዱልኝ!

«የሰው መኪና ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ባለቤቱ ማቆም አይችልም?»

«ይችላል... ግን...»

«ታዲያ አንተን ምን አገባህ?»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ስሜን ጠርተው አያውቁም። «ያ ልጅ» ሆኜ ቀረሁ። «ያ ልጅ በልቷል?» ይላሉ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ! ደብረ ብርሃን ሄደው «ልጄን ለማይታወቅ ሰው ነው የሰጠኋት» ሲሉ ታየኝ። እና አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ለእንቁጣጣሽ ራሴ አድኜ የአጋዘን ሥጋ አበላዎታለሁ!»

ጌታሁን የጎረሰው ትን አለው። «አንተ? ባለፈው በረሮ አይተህ ሶፋ ላይ የወጣኸው?»

አባባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩኝ። «ጠመንጃ አለህ?»

«አለኝ!» አልኩ። ወንጭፍ እንኳ የሌለኝ ሰው!

ወደ ዊንቸስተር ሰፈር፣ ወደ አፓርታማችን ስንመለስ፣ ባለቤቴ ፀዳለ መኪና ውስጥ ፍርዷን ሰጠች። «ጠመንጃ ቤቴ አይገባም። አራት ነጥብ።»

«የኔ እመቤት፣ የአየር እኮ ነው! ባሩድ የለው፣ እሳት የለው። አየር ብቻ!»

ትንሽ አሰበች። «አየር ብቻ ከሆነማ ግድ የለም። አንተም ከአየር ሌላ ይዘህ አታውቅ።»

ስድቡን እንደ ፈቃድ ቆጥሬው በማግስቱ ከሺፍት በፊት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ ትሑት ሰው ነው። ሦስት የአየር ጠመንጃ ደረደረልኝ። ትንሿ ለወፍ፣ መካከለኛዋ ለቀበሮ፣ ትልቋ፣ አፈሙዘ ሰፊዋ ሃምሳ ካሊበሯ፣ ለትልልቅ አውሬ። ትንሿን ጣቴን የትልቋ አፈሙዝ ውስጥ ከተት አደረግኳት። ገባች እኮ!

«እባክህ ጣትህን አውጣ» አለኝ ባለሱቁ።

አወጣሁ። ልቤ ግን እዚያው ቀረ። በዚያ ላይ ምን ተለጥፎባታል መሰላችሁ? ቅናሽ! መካከለኛዋ ከነፓምፗ፣ ከነመነጽሯ፣ ከነማንገቻዋ ናት። ትልቋ ራቁቷን ናት፤ ግን ረከስ ትላለች።

እዚህ ላይ ላቁምና ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ የትኛዋን ትመርጡ ነበር? አትዋሹ! እኛ እኮ ሶፋ ስንገዛ በሩን ለክተን የማናውቅ ሕዝብ ነን። ትልቅ ከሆነና ከረከሰ ይገባል። ካልገባ በሩ ይነቀላል።

«አየር የምትሞላበት አለህ?» ሲል ጠየቀኝ ባለሱቁ።

«አየርማ ምን ጠፍቶ!» አልኩና ሃምሳ ካሊበሬን ተሸክሜ ወጣሁ።

አየር በነፃ ነው ያለ ሰው አሜሪካን አያውቃትም። ቅዳሜ ዕለት ከፀዳለ ጋር ነዳጅ ማደያ ሄድን፤ የጎማ መንፊያው ማሽን ለአየር ሳንቲም ይጠይቃል። ይሁን ብዬ ሳንቲሜን ይዤ የመኪናውን ኋላ ልከፍት ስል ፀዳለ እጄን ለቀም አደረገችኝ።

«ምን ልታወጣ ነው?»

«ጠመንጃውን ነዋ። አየር ላስሞላው።»

«እዚህ? ሰው መሀል? አንተ ሰውዬ፣ ጥቁር መሆንህን ረሳኸው እንዴ? ፖሊስ መጥቶ አየር ነው እሳት ነው ብሎ የሚጠይቅህ መሰለህ? የእንቁጣጣሹ ሥጋ አንተ ልትሆን ነው?»

እጄን ቀስ አድርጌ መለስኩ። ይህን አገር ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለባለሱቁ ደወልኩና የጎማ አየር ይበቃው እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ተሰማኝ። የጎማ አየር ለዚህ ጠመንጃ ትንፋሽ ማለት ነው፤ የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል አለኝ። ፓምፑን ገዛሁ። ደምሬ ሳየው መካከለኛዋን ከነሙሉ ጓዟ ወስጄ የምሳ ይተርፈኝ ነበር። ለፀዳለ አልነገርኳትም። እናንተም አደራ።

ፓምፑ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ፣ በእጅ የሚገፋ ነው። ቤት ውስጥ ፀዳለ «ጣሪያ ልታፈነዳ ነው» ስላለች፣ ጠመንጃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ቱቦው ብቻ ወጥቶ፣ ፓርኪንጉ ላይ መንፋት ጀመርኩ። በላስ ቬጋስ ነሐሴ! አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል። እገፋለሁ፣ እገፋለሁ... መለኪያው ላይ ያለችው ቀስት ንቅንቅ አትልም። ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ሴትዮ ጎማ የተነፈሰብኝ መስሏት ውሃ አምጥታ፣ «አይዞህ፣ ሰው ጥራ» አለችኝ። ሸሚዜ ተጨምቆ፣ ወገቤ ተቆርጦ የጠመንጃው የአየር ታንክ ሞላ። ይህ ሁሉ ለስንት ተኩስ እንደሚበቃ ታውቃላችሁ? ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት!

ያን ምሽት ጌታሁን አባባን ሊጠይቅ መጣና ጠመንጃውን አገላብጦ አየ። «ጥሩ ነው። ታግህስ?»

«የምን ታግ?»

«የአደን ፈቃዱ ነዋ! አጋዘን እዚህ ስቴት በዕጣ እኮ ነው! ታመለክታለህ፣ ዕጣ ከወጣልህ ታድናለህ። የዘንድሮው ወጥቶ አልቋል።»

በሉ እንግዲህ! በዲቪ ዕጣ የመጣሁ ሰው ነኝ። የዕድሜዬን ዕድል በሙሉ አንዴ አሟጥጬ ተጠቅሜበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ካዚኖ ውስጥ ስሠራ ኖሬ እንኳ አንድ ቀን ደርሶኝ አያውቅም። አሁን አጋዘኑም በዕጣ!

«ዕጣ የማይጠይቅ አውሬ የለም?»

«ጥንቸል አለልህ።»

«ጥንቸል!» አለች ፀዳለ ከጓዳ። «ጥንቸል ካመጣህ ለራስህ ድስት ገዝተህ ና!»

አባባ ሶፋው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያዳምጣሉ። የመቁጠሪያው ድምፅ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። ጌታሁን እንኳ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ አለ» አለኝ። «አጥር ውስጥ ቀንዳም የዱር በግ ያረባል። ከፍለህ ገብተህ ትመታለህ። ዕጣም የለው፣ ታግም የለው።»

የዱር በግ! እናንተ ሆዬ፣ ከአጋዘንም ይበልጣል። የደብረ ብርሃን ሰው በግ ያውቃላ!

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በጌታሁን መኪና ሄድን። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሃምሳ ካሊበሬን ታቅፌ። ገበሬው ሽማግሌ ነጭ ነው፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ተቀበለን። ሜዳው መሀል ወደቆመው በግ በጣቱ አሳየኝ። እውነት ለመናገር ቀንዱ ያስፈራል። ግን ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተንጠልጥሏል።

«ይኼ አውሬ ነው?» አሉ አባባ።

«የዱር ነው አባባ! ይዋጋል! ወደ ኋላ ይበሉ!»

እንደ አዳኝ ደንብ በደረቴ ተኛሁ። «ምን ሆኖ ነው የተኛው?» ብለው አባባ ጌታሁንን ሲጠይቁት ሰማሁ። በጉ እኛን ሲያይ ይሸሻል ብዬ ጠበቅሁ። ጭራሽ ጆሮውን እየወዘወዘ ወደኛ መጣ! መኖ ይዘን የመጣን መስሎታል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እኔ ግን ደብረ ብርሃንን አሰብኩ፣ «ያ ልጅ»ን አሰብኩ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳብኩት።

ጓ!

በጉ አንዴም ሳይንፈራገጥ እዚያው ዘፍ አለ።

«ዘራፍ!» ብዬ ተነሳሁ። ደረቴ ሁለት ሆነ። ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ «ንጹሕ ምት! መሞቱን እንኳ አላወቀም!» አለኝ። ጌታሁን፣ ያ ጌታሁን፣ እጄን ጨበጠኝ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼ አላውቅም።

አባባ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ በጉ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አንገቱን ዳሰሱት።

«ቢላዋ!» አሉ፣ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው።

እኔና ጌታሁን ተያየን። ጥይት አለን፣ ፓምፕ አለን፣ የበረዶ ሳጥን አለን፣ ፎቶ የሚነሳበት ዘንግ ሁሉ አለን። ቢላዋ...

«ሞቷል እኮ» አሉ አባባ።

«አዎ አባባ! ገደልኩት እኮ!»

«ገደልከውማ። ማን አረደው? ማን በስመ አብ አለበት?»

ጌታሁን ባዶ ኪሱን ዳበሰ።

«በክት ነው» አሉና ቀና አሉ። «እኔ በክት አልበላም። ልጄም በክት አትበላም።»

ውይ! ውይ! ውይ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አያችሁ፣ ጠመንጃ ስመርጥ ያላነበብኩት ነገር የለም። ስለ ርቀቱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጥይቱ ክብደት። ሁሉም የሚያወድሱት ቶሎ የሚገድለውን ነው። «አዳኙ ሮጦ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ እስኪያርደው ነፍስ ትቆያለች ወይ?» ብሎ የጻፈ አንድ ፈረንጅ የለም። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ለሐበሻ የማይሆን ጠመንጃ ተፈልጎ ቢመረጥ የኔው ነው የሚገኘው። በቅናሽ!

ገበሬው ግራ ተጋብቷል። «ሥጋውን አትወስዱትም?» አለ። ጌታሁን እያፈረ ነገሩን አስረዳው፤ ከመሞቱ በፊት በጸሎት መታረድ እንዳለበት። ሰውዬው እኔን አየ፣ ጠመንጃዬን አየ።

«ማረድ ከሆነ የፈለጋችሁት ለምን አላላችሁኝም? እሱ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው» አለ። «ያገራችሁ ሰዎች በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣሉ።»

የመታሁትን ለሱ ተውንለት። አባባ በረቱ ውስጥ ገብተው የአንዱን ሙክት ወገብ ዳበስ ዳበስ አድርገው መረጡ። የገበሬውን ቢላዋ በጣታቸው ሞክረው፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ ባርከው አረዱት። እኔ፣ ያደኑ ጀግና፣ የበጉን እግር ያዝኩ። በመንገዳችን ሁሉ ጌታሁን አልፎ አልፎ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ቤታችን በእንግዳ ሞላ። ወሬው ቀድሞ ደርሷል። «የአደን ሥጋ ነው አሉ!» ይላል አንዱ ጥብሱን እየዛቀ። «ጣዕሙ ወዲያው ያስታውቃል!» ይላል ሌላው። «የሜዳ ሣር፣ የሜዳ ሣር ይላል!» አቤት ሐበሻ! በጥይት መመታቱን ከነገራችሁት ጎመን ውስጥም ባሩድ ይሸተዋል። ጌታሁን አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ሞትኩ አልኩ። ይኼኔ አባባ ይህን የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው አፉ ውስጥ ወተፉለት! ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ መብላታቸውን ቀጠሉ።

እንባዬ መጣ። ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እኝህን የመሰሉ ትልቅ ሰው ገመናዬን ሸፈኑልኝ፣ ከእንግዲህ ደብረ ብርሃን ስሜ ተከበረ ብዬ አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው።

አገር ቤት በገቡ በሳምንቱ የሚስቴ እናት ደወሉልኝ። እማማ ለኔ በቀጥታ ደውለውልኝ አያውቁም። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ልጄ፣ እንደምን ከረማችሁ? አባታችሁ ሁሉንም አጫወቱን። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር።»

«ሁሉንም እማማ?»

«ሁሉንም። እዚያ አገር ቢላዋ ቸገራችሁ አሉ። አንድ ጥሩ በሰው ልኬልሃለሁ፣ ከበርበሬው ጋር ነው፣ ተቀበል።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ...»

«ምን ችግር አለ ልጄ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየጠየቀኝ መልስ አጣሁ።»

«ይጠይቁኝ እማማ፣ ምን ቸገረኝ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ያ የተኮስክበት በግ ምን አድርጓችሁ ነው?»