ሰፈራችን በአንድ ሳምንት ታሪክ ያገኘ ጊዜ

የእናንተ ሰፈር ታሪክ አለው? የእኛ አልነበረውም። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ነው በአንድ ሳምንት ያገኘው።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ኮሌጁ ጀርባ ነው። የሰፈሩ ሙሉ ታሪክ ይኸው፦ መጀመሪያ የበቆሎ ማሳ ነበር፤ ቀጥሎ ኮሌጁ መጣ፤ እኛም ማሳውን በቆርቆሮ ቤት ሞልተን ለተማሪ አከራየን። ታዋቂ ቦታ ከተባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና ባጃጅ የሚገለበጥበት ቦይ አለን።

አንድ ቀን ኮሚቴ መጣ። ሰፈሩ «የባህልና የዩኒቨርሲቲ መንደር» ሊሆን ነው አሉ። ዩኒቨርሲቲው ገና ነው፤ ስሙ ቀድሞ ደርሷል። ታሪክ ያለው ቤት ይጠበቃል፣ የሌለው ይፈርሳል። ታሪኩ በጽሑፍ ሆኖ ሦስት ሽማግሌ ይመስክርበት ተባለ። ይህ ጎጃም ላይ የሚነገር ነገር ነው? እስከ ዓርብ ድረስ ንጉሥ ያላደረበት ቤት ጠፋ። አንዷማ ሦስት ሌሊት አሳደረቻቸው። ልጇ ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ የሠራችው ቤት ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር ስለማነብ ግን ሰፈሩ የተማርኩ ይመስለዋል። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ክፍል ለተማሪ አከራይተው ነው የሚኖሩት። ቤቱ ፈረሰ ማለት ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለኔም አንድ ታሪክ ጻፊልኝ። ንጉሥ ግን ይቅርብኝ፤ ሁሉም ቤት አድሯል።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የቅኔ መምህር አሳደርኩላቸው። የአገሬ ሰው ንጉሥ ቢጠራጠር የቅኔ መምህር አይጠራጠርም። መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው፣ እዚህ ቤት አንድ ሌሊት አደሩ፣ ሲነጋ ለቤቱ ቅኔ ተቀኝተው ሄዱ ብዬ ጻፍኩ። ቅኔውን የያዘ ሰው የለም አልኩ፤ እኔ ግእዝ ከየት አመጣለሁ?

ዋናው ምስክር የሰፈሩ አዛውንት አያ ምሕረቴ ነበሩ። ኮሚቴው ፊት ቆመው «መምህሩን ባይኔ አይቻቸዋለሁ! ቀይ፣ ረጅም፣ ግራ እግራቸውን የሚያነክሱ» አሉ። ማነከሱን እኔ አልጻፍኩም።

ቤቱ ተረፈ። ሰማያዊ ሰሌዳ ተተከለለት፤ እትዬ እልል አሉ።

ሐምሌ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ቆርቆሮ ሊያስቀይሩ አናጺ ቢጠሩ ኮሚቴው እየሮጠ መጣ። ቅርስ ነው፣ ምስማር አይመታበትም አሉን። ማን ይጠግነው? ባለሙያ ይመጣል። መቼ? ይጠናል። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ሲበሰብስ አንድ ባንድ ለቀው ወጡ።

አሁን ደግሞ ታሪክ አልባ መሆን አማረን፤ ዶዘሩ እስኪመጣ እንኳ ጣሪያውን እንጠግናለን ብለን። መምህር የሚባሉ ሰው አልነበሩም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው ብዬ ማመልከቻ ጽፌ ፈረምኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንብቦ ፈገግ አለ። በሦስት ሽማግሌ የጸደቀ ታሪክ የሚሻረው በነዚያው ሽማግሌዎች ነው አለኝ።

አያ ምሕረቴ ዘንድ ሄድኩ። «አያ፣ በፈጠረዎ፣ የኔ ፈጠራ መሆኑን ያውቃሉ እኮ!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ያን ጊዜ መች ተወለድሽና!» ተቆጡ። «ቅኔውንስ ልንገርሽ?»

ነገሩኝ። እንዴት ያለ ቅኔ መሰላችሁ! ምነው እኔ በጻፍኩት ብዬ ቀናሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ነሐሴ ላይ ዕቃቸውን ሸክፈው ጅጋ ከተማ እህታቸው ዘንድ ገቡ። ቤቱን ኮሚቴው በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጎበኘዋል። የእትዬ መደብ «የመምህሩ መኝታ» ተብሎ በገመድ ታጥሯል፤ ጎብኚው ጃንጥላ ዘርግቶ ያየዋል።

ባለፈው ደወልኩላቸው። ቤቱ እንዴት ነው አሉኝ። ሰው ይመጣል፣ ይጎበኛል አልኩ።

«ዶዘር ያስወጣኛል ብዬ ስፈራ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያሳደርሽብኝ እንግዳ አስወጣኝ» አሉ። «ለመሆኑ እሳቸውስ አያፈስባቸውም?»