የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሞጣ ሄዶላችሁ

ጠዋት ላይቩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም።

እኔ ነኝ የዘጋሁት።

"ይቤ ምን ሆነህ ነው?"፣ "ዓሣው የት ደረሰ?"፣ "ግድቡ ውስጥ ገባህ እንዴ?" እያላችሁ ኮሜንቱን ያጥለቀለቃችሁ ሰዎች፣ እስኪ አንዴ ቁጭ በሉ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ከራሴ ስሙት። ሞጣ ዘመድ ያላችሁማ እስካሁን ሰምታችሁ እየሳቃችሁ ነው፣ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንተማመን። እኔ በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ቢቸና ውስጥ ሌላው "በቃ አልቆለታል፣ ጣለው" ያለውን ሞባይል ስንቴ ነፍስ ዘርቼበታለሁ! ፈርቼ አላውቅም። እናቴ ይህን ብታነብ በሳቅ ትሞታለች፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሞጣ አንድ የዓሣ አጥማጆች ክበብ አለ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የመስኖ ግድብ ላይ በየቅዳሜው ልጆችን ዓሣ ማጥመድ ያስተምራሉ። በዘንግና በመንጠቆ፣ በወግ በወጉ። ዘንድሮ አሥር አዳዲስ ልጆች እንቀበላለን፣ ከቤተሰብ ጋር ኑ ብለው ቴሌግራም ላይ ለቀቁ።

ልጄ ሜላት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማስታወቂያውን ካየች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። በደብተር ጀርባ ዓሣ፣ በግድግዳ ዓሣ፣ በአያቷ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ሳይቀር ዓሣ ሥላለች። "ከአሥሩ አንዷ ካልሆንኩ ትምህርት ቤት አልሄድም" ብላ አስጠነቀቀችን።

ልጅቷን እንዲህ ያደረጋት ማነው? እኔ ነኛ!

ፀጉሯን ስትሠራ እንዳታለቅስ፣ መድኃኒት እንድትውጥ፣ እህል እንድትቀምስ፣ ለሁሉም የምነግራት አንድ ታሪክ ነበረኝ። አባትሽ በልጅነቱ የሱሃ ወንዝ ጀግና ነበር። ብርብራ ወቅጦ ሲበትን ዓሣው ሁሉ እጁን ሰጥቶ ይወጣ ነበር። በተለይ አንድ አምባዛ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ሁለት በሬ ጠምደን ነው ያወጣነው።

ሁለት በሬ! ለዓሣ!

ብርብራ ለማታውቁ፣ ዛፍ ነው። ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። እኛ አገር ስንቱ በዚህ "ዓሣ አጥማጅ" ተብሎ ስም አውጥቷል።

ክበቡ የላከው ፎርም ላይ "የአጃቢ ወላጅ የማጥመድ ልምድ" የሚል መስመር ነበር። "ሃያ ዓመት" ብዬ ሞላሁት።

ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው። ልጅነቴን፣ ትምህርቴን፣ ሱቄን ቀንሱና የቀረውን እናንተው አስቡት።

ባለቤቴ ዛሬ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። "ልጅቷን ውሃ ዳር ላንተ ጥዬ አልቀመጥም" አለች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ ወዴት እንደምንሄድ ስትናገር "ዓሣ የጾም ነው አይደለም" የሚል ክርክር ተነሳ። አንድ መሪጌታ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፣ እስከ ሞጣ ድረስ አንዱም አልተረታ። እኔ ስለ ዓሣ ልምዴ ለሾፌሩ እያብራራሁ ነበር።

ደረስን። ግድቧ ታምራለች። የክበቡ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ሰው ሲያዩ ከመነጽራቸው በላይ ነው የሚያዩት።

ለሜላት ዘንግ ሰጧት። ቀርከሃ ነው፣ እሷን ሁለት ጊዜ ይበልጣል። በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ ብታዩ!

ላይቭ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። "ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሞጣ ላይ ታሪክ ይሠራል!" ስል አይታችኋል።

ቲቸር "አጃቢዎች በሙሉ የልጃችሁን መንጠቆ ክሩ ላይ እሰሩ" አሉ። ሌሎቹ ወላጆች ጎንበስ ብለው መቋጠር ጀመሩ። እኔ ፈገግ አልኩ። ከኪሴ ያወጣሁት ሱፐር ግሉ ነው።

ምን ታደርጉታላችሁ፣ የሙያ ነገር ነው! የተሰበረ ሞባይል የያዘ ግሉ መንጠቆ ያቅተዋል?

አጣበቅሁ። እፍ እፍ አልኩበት። "እዩ ልጆች" ብዬ ወረወርኩ።

መንጠቆው ለብቻው ሄዶ ግድቡ ውስጥ ገባ። ክሩ እዚሁ ቀረ።

"ሃያ ዓመት እንዲህ ነው ያጠመድከው?" አሉ ቲቸር።

"በእኛ በኩል ስታይሉ እንዲህ ነው ቲቸር" አልኳቸው፣ ምንም ሳይመስለኝ።

እስካሁን ያለው ምንም አይደለም።

ቲቸር ልጆቹን ሰብስበው "እስኪ ስለ ዓሣ ማጥመድ የምታውቁትን ንገሩኝ" አሉ። የማን እጅ ቀድሞ እንደወጣ ልንገራችሁ?

"የእኔ አባት ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ሙሉ ዓሣ ያሰክር ነበር!" አለች የእኔ ጉድ፣ በኩራት፣ በጩኸት። "ትልልቁንም ትንንሹንም! አንድም አይቀርም ነበር!"

ወላጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። ልጆቹም ዞሩ። የግድቧ ዳክዬዎች ሳይቀሩ የዞሩብኝ መሰለኝ። ስልኬ ላይ አንዳችሁ "ብርብራ???" ብላችሁ ጻፋችሁ። ላይቩን ዘጋሁት።

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ክበብ ለምን እንደተቋቋመ ታውቃለህ?" አሉኝ። "በብርብራ ምክንያት ነው። የዓሣው ጫጩት ሳይቀር እየሞተ ወንዛችን ባዶ ሲቀር ነው ልጆቹን እናስተምር ያልነው። ብርብራ የበተነ እጅ ካለበት ቤት ልጅ አንቀበልም። ፎርሙ ላይ ተጽፏል፤ ፈርመህበታል።"

ፎርም ደግሞ ማን ያነባል?

አንድ የክበቡ ወጣት መጥቶ የሜላትን ዘንግ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። እኔን አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "አባዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለች።

ምንም አላደረገችም። አባቷን አመነች፣ ይኸው ነው ጥፋቷ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብል የሱሃ ጀግና ሆኜ እቀራለሁ፣ ልጄ ግን ተባርራ ቢቸና ትመለሳለች። እውነቱን ብናገር እሷ ትገባለች፣ እኔ ግን አለቀልኝ። በሰው ፊት ብቻ አይደለም፣ በእሷ ፊት!

"ቲቸር፣ ብርብራ በትኜ አላውቅም" አልኩ።

"ልጅህ ናት የዋሸችው?"

"አይደለችም። እኔ ነኝ የዋሸኋት።"

"ታዲያ እነሱ ብርብራ ሲበትኑ አንተ ወንዙ ዳር ምን ትሠራ ነበር?"

"ልብስ እጠብቅ ነበር።"

አዎ። ጓደኞቼ ልብሳቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ እኔ ዳር ላይ ሱሪ ቆጥሬ እረከባለሁ። ሙሉ ልጅነቴ ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ያልኩትም እንኳ ተጋኗል።

ቲቸር ግን አላመኑኝም። "የተያዘ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ምስክር አለህ?"

"እኔ አለሁ!" አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነስታ። በማርያም፣ ፍርድ ቤት የቆመች ነው የሚመስለው!

"ይህ ልጅ ውሃ ይፈራል፣ እመቤት። ጥምቀት ላይ ጠበል ሲረጭ ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ እሱ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ጅረት ያሻገርኩት አዝዬ ነው። እግሩ መሬት እየነካ!"

"እማዬ ይበቃል።"

"አይበቃም! የልጅ እንጀራ ሊዘጋብን ነው እንዴ? እሱ ብርብራ ሊበትን? እንኳን ሊበትን ውሃው ጫማውን ሲነካው ነው እሪ የሚል! ሥላሴ ምስክሬ ናቸው።"

ወላጆቹ በሙሉ ሳቁ። ከግንደወይን የመጣ አንድ አባት መቆም አቅቶት ቁጭ ብሎ ሳቀ። ወንድሜ፣ ስምህን ይዣለሁ።

ቲቸርም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ልጅቷ ትግባ" አሉ። ወጣቱ እጁን ሰበሰበ።

እፎይ! ግን ገና አላበቃም፣ ሜላት አለች።

ወደ ዳር ወሰደችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሁሉ ሳቅ ከመስማት ይልቅ ከእሷ ጋር ያችን አሥር እርምጃ መሄድ ከበደኝ።

"ትልቁ አምባዛም ውሸት ነው?"

"ውሸት ነው።"

"ሁለቱ በሬዎችስ?"

"እነሱም።"

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ጎበዝ አባት አለኝ እንድትይ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።"

አሰበች። ዘንጉን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ልብስ የሚጠብቅ ባይኖር ግን ሁሉም ራቁታቸውን ነበር ወደ ቤታቸው የሚገቡት" አለችኝ።

ዓይኔ እንባ ሞላ። አልደብቃችሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ሥራ እንደዚያ ብሎ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ጥሩ ሆነ። ለመሆኑ የሜላትን አዲስ መንጠቆ ማን እንዳሰረው ታውቃላችሁ? እናቴ! ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል፣ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት፣ ክሩን አንዴ ጠቅልላ፣ አንዴ አሾልካ፣ በጥርሷ ሳብ አድርጋ ጨረሰችው። ቲቸር ጎትተው ጎትተው አልፈታ አላቸው። "እርስዎ እማማ፣ አጃቢዋ እርስዎ ይሁኑ" አሏት። የእኔ ስም ተሠረዘ።

ትል የቆፈረችውም እናቴ ናት። እኔ ትሉን በቲሹ ነው የያዝኩት። ፎቶ ያነሳችሁኝ ሰዎች እባካችሁ አጥፉት።

ሜላት ከሰዓት ላይ አንድ ቆሮሶ ያዘች። መዳፏን አያክልም። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ውሃ ውስጥ ጥልቅ ሲል "አባዬ! አባዬ! አባዬ!" እያለች ጮኸች፣ እኔም ከእሷ ብሼ ጮህኩ። ትንሽ ስለሆነ ይመለስ አሉ ቲቸር። እጇን ውሃ ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ከዚያ ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ከወንዝ ሙሉ ዓሣ ይልቅ በዚያች ባዶ እጅ ነው የኮራሁት።

እኔ? በተዋስኩት ዘንግ ምንም አልያዝኩም። ትሌን አራት ጊዜ በልተውብኛል። ዛሬ ጠግበው የሚያድሩ ዓሦች ካሉ በእኔ ነው።

ልንመለስ ስንል ቲቸር ዘንድ ሄድኩ። "እኔስ በየቅዳሜው ከሜላት ጋር መምጣት እችላለሁ?" አልኳቸው።

"አጃቢ አይደለህም፣ አጃቢዋ እናትህ ናቸው።"

"እና ምን ሆኜ ልምጣ?"

"ጀማሪ።" አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የልጆቹ ፎርም ነው፣ ከላይ የዓሣ ሥዕል ያለበት፣ ዓሣው የሚስቅ። ከታች "የወላጅ ፈቃድና ፊርማ" ይላል።

"ቲቸር፣ እኔ የልጅ አባት ነኝ!"

"ጀማሪ ነህ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ጀማሪ ያለ ወላጅ ፊርማ አይገባም። ሕግ ሕግ ነው።"

ዞር ስል እናቴ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች። "ዋና ይችላል?" ከሚለው ፊት ለፊት ሜላትን "አይችልም" አስጻፈቻት። "ጠባዩ" ከሚለው ፊት ለፊት ትንሽ አሰበችና "እየተሻሻለ ነው" አስጻፈች። ከዚያ በመሠረተ ትምህርት የተማረቻትን ፊርማ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ ቀስ ብላ አሳመረቻት።

አሁን የምትስቁብኝ ሳቁ። ኮሜንቱ ክፍት ነው፣ ማንንም ብሎክ አላደርግም። እኔ ቅዳሜ ሞጣ ነኝ፣ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ፣ መንጠቆ ማሰር እማራለሁ። እናቴ ፈቅዳልኛለች።

ለእናንተስ ማን ፈርሞላችኋል?