አክስቴ በስንዝር ስትለካን

ብቻውን የሚኖር ዘመድ ቤተሰቡን ሁሉ ካላስተዳደረ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ ከተማ የታጨቅነው የጎረቤታችንን በር ሳናንኳኳ እንከርማለን። እሱ ግን ሰው የማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ማንን እንዳሳለው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ቤተሰብ ካለ ይነገረኝ። የኛዋ ክብርት አክስቴ ናት።

አክስቴ ከመንደር በራቀ ግድብ ላይ ጠባቂ ናት። ጠዋትና ማታ የውኃውን ከፍታ ለክታ ለመሥሪያ ቤቷ በሬዲዮ ትናገራለች፤ በተረፈው ጊዜ ሹራብ ትሠራለች። ከቤተሰባችን የተወለደ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የእሷን ሹራብ ይለብሳል።

ችግሩ ልኬቱ ነው። የግድቡ ጫፍ ላይ፣ ኔትወርክ ያለባት ቦታ ትቆምና ትደውላለች። «በል ልጅህን በስንዝር ለካልኝ!» የእኔ እጅ አካፋ ነው፤ የእሷ ደግሞ የሕፃን እጅ ታህላለች። በእኔ ስንዝር ለክቼ የነገርኳትን በራሷ ስንዝር ትሠራዋለች። የልጄ ሹራብ ሲመጣ ልክ የሆነው ለአሻንጉሊቷ ነበር።

«ልጅቷ አድጋ ነው እንጂ ሹራቡስ ልክ ነበር» አለች ክብርትነቷ። «በል ላክልኝ፤ እንደገና ለካ።»

ስንቅ በሚያደርስላት ሾፌር መልሰን እንልካለን፤ ትተረትረውና እንደ አዲስ ትጀምራለች። ወንድሜ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያለ ይስቅባታል።

ልኬቱም ቢሆን ልኬት ብቻ አይደለም፤ ምርመራ ነው። አንገት ስታስለካ «ምነው ድምፅዋ ጎረነነ? ጉንፋን ነው?» ወገብ ስታስለካ «ቀንሳለች፤ ምን እያበላችኋት ነው?» አንዴ ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ጉዳይ ተኳርፈን ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር። ማንም አልነገራትም። ድንገት ደወለችና «ላንተ ሹራብ ጀምሬያለሁ፤ ጀርባህን ተለካ» አለችኝ።

«ጀርባዬን እንዴት አድርጌ ልለካ?»

«እሱማ ሰው ይፈልጋል። ወንድምህን ጥራው።»

ጠራሁት። ምን ላድርግ? እሷን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። መጣና ፊቱን እንዳጠቆረ ከኋላዬ ቆሞ በስንዝር ይለካኝ ጀመር። አክስቴ በስልኩ ውስጥ «አልሰማሁም፣ ድገመው!» ትላለች። ሲደግም፣ ሲደግም ሳቁ አመለጠው። እኔም አልቻልኩም፤ ሁለታችንም ሳቅን። የመጣው ሹራብ ለሁለታችንም አልሆነም።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ልጠይቃት ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ በባልዲ የተሞላ የክር ድውር አለ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከጎኑ የብረት ሜትር ተሰቅሏል። ውጪ፣ ውኃው ውስጥ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ማስመሪያ ቆሟል። አክስቴ እሱን አየችና የውኃውን ከፍታ እስከ ሴንቲሜትሯ ለመሥሪያ ቤቷ ተናገረች። ደሜ ፈላ።

«አክስቴ! ይሄ ሁሉ ሜትር እያለሽ እኛን በስንዝር?»

ተመልሳ ሹራቧን ይዛለች፤ ከመርፌዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ውኃው አያወራኝም፤ ለክቼው እሄዳለሁ። እናንተን በሜትር ብለካችሁ ቁጥሩን በመልእክት ልካችሁልኝ ታርፋላችሁ። ከዚያ ማን ይደውልልኛል?»

 አፈርኩ። እሷ ግን ተነስታ በዚያች በትንሽ እጇ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ክንዴን ለካች። «ከስተሃል» አለችኝ።

ሹራቡ ከተመለስኩ በኋላ ደረሰ። ለበስኩት። መስታወት ፊት ቆሜ እጅጌውን ሳብኩ፣ አንገቱን ዳሰስኩ፤ እንከን የለውም። ወንድሜ «ተገላገልን በላ!» አለ። እኔ ግን ከፋኝ። ከሹራብ ጋር ሁልጊዜ የምትልክብን ቃል «ልክ ካልሆነ ደውሉ» የሚል ነው። ልክ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ነግራን አታውቅም።

ደወልኩ። ነፋሱ ይሰማኛል፤ የግድቡ ጫፍ ላይ ናት።

«እንዴት ሆነልህ?»

«እጅጌው አጥሯል።»

 በገዛ እጇ ነው የለካችኝ፤ ልክ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«በስንት ስንዝር?» አለች።

«ቆይ፣ ይለካ» አልኳት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወንድሜን ጠራሁት።