ሁለት ጆንያ የጨፌ ቅጠል

(የፋብሪካ ወጥ ቤት። ምሳ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ዋናው አብሳይ በአንድ እጁ የትልቁን ድስት ክዳን፣ በሌላው የዕቃ አጣቢውን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል። ድስቱ ውስጥ ያለው ጠዋት ሁለቱ ለሾርባ ከጨፌው የለቀሙት ኮምጣጣ የዱር ቅጠል ነው፤ ሌላ ሙሉ ጆንያ ጥግ ላይ ቆሟል።)

አብሳይ፦ አንድ ጆንያ ሙሉ ጨምሬ አሁን አንድ ጭልፋ! ሌላው የት ገባ?

አጣቢ፦ እዚያው ነው ጋሼ።

አብሳይ፦ እኔ ታውሬያለሁ በለኛ!

አጣቢ፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም! ጠዋትም እኮ «ስድስት ጆንያ እንሙላ» ስልዎት...

አብሳይ፦ ስድስት? ለሰው ነው ለከብት? ሃያ ዓመት ያበሰልኩትን እኔን ልታስተምር! አንተ ድስት የምታውቀው ባዶውን ነው።

አጣቢ፦ እሱስ እውነትዎን ነው።

አብሳይ፦ ስንለቅም ደግሞ ስታላምጥ አይቼሃለሁ።

አጣቢ፦ አንድ ሁለት ቀምሻለሁ። ደስ ሲል ኮምጣጣነቱ!

አብሳይ፦ ይኸው አመነ!

አጣቢ፦ ጋሼ፣ ጆንያ ሙሉ ቅጠል የዋጠ ሰው ቆሞ ያወራል?

አብሳይ፦ ያንተን ሆድ ማን ለክቶት! ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ራሱ ሾርባዬን ሊቀምስ ይመጣል። እነግረዋለሁ፤ ከሥራ ትባረራለህ።

አጣቢ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ!

አብሳይ፦ ስትሰርቅ አትቆጥራቸውም ነበር?

አጣቢ፦ ይስሙኝማ፣ ይህ ቅጠል እሳት ሲያገኘው...

አብሳይ፦ ስለ እሳት ለእኔ? ውጣ! ሁለተኛውን ጆንያ ራሴ ጨምሬ፣ በሩን ቆልፌ፣ ራሴ እጠብቀዋለሁ።

(አጣቢው በረንዳው ላይ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ለልጆቹ ምን እንደሚላቸው እያሰበ ነው። ከውስጥ ጆንያ ሲራገፍ ሰማ። ቀጥሎ ጸጥታ። ቀጥሎ ክዳን ወደቀ።)

አብሳይ፦ (በሩን ገርበብ አድርጎ) ና እስቲ ግባ።

አጣቢ፦ ምነው ጋሼ?

አብሳይ፦ ጠፋ። ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁት ጠፋ!

አጣቢ፦ አልጠፋም። እሳት ሲነካው ይሟሽሻል፤ ጆንያው ጭልፋ ይሆናል። እናቴ ስትቀቅለው ነው ያደግሁት።

አብሳይ፦ ታዲያ አትናገርም!

አጣቢ፦ ሁለቴ ጀምሬ መቼ አስጨረሱኝ?

(አዳራሹ ውስጥ አርባ ሠራተኛ ሳህን ያንኳኳል። የሥራ አስኪያጁ ሳል ወደ በሩ እየቀረበ ነው።)

አብሳይ፦ ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ምን ልበላቸው?

አጣቢ፦ ተሰረቅሁ ይበሏቸው። ሲናገሩ ያሳምናሉ፤ ቅድም በረንዳው ላይ እኔ ራሴ ኪሴን ፈትሻለሁ።