የጾመኛ አፍ

ድዳችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ጥርሳችሁን አላልኩም። ጥርስማ ፎቶ በተነሳን ቁጥር እናሳየዋለን። ድዱን ነው የምላችሁ፤ ጥርሱን ሥር ሥሩን ይዞ ያቆመውን ሥጋ። አላያችሁትም አይደል? እኔም አላየሁትም ነበር። ወሰን ሰፈር አሥራ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የጥርስን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩ አላስታውስም። ድዱን ግን ሁልጊዜ በቀይ ጠመኔ ጫር አድርጌ አልፋለሁ። ያ ቀይ መስመር ነው እንግዲህ ጥርሴን ሊያሳጣኝ፣ አንዲት እናትንም በእኔ ሰበብ ሊገድል ትንሽ የቀረው። በመሀሉ ደግሞ ቅዱስ አድርጎኝ ነበር። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሰብለ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና አዳማ ሄዳለች። እኔ ከአራት ክፍል የፈተና ወረቀት ጋር ብቻዬን ቀርቻለሁ። ምሳ ዳቦ በሻይ፣ እራት ዳቦ በሻይ፣ እንቅልፍ ሦስት ሰዓት ብቻ። ዳይሬክተሩ በየቀኑ ውጤት አምጣ ይለኛል፣ እኔ በየቀኑ ነገ እለዋለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ አረፋው ቀላ። ድዴ ደማ። የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ ምን ያደርጋል? መቦረሽ ተውኩ! እስኪድን ይረፍ ብዬ እኮ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ አይደል?

ማክሰኞ ምራቄ ብረት ብረት አለኝ፤ ቁልፍ ስጠባ የዋልኩ ይመስል። ረቡዕ ሕመሙ ለየለት። የጥርስ ሕመም እንዳይመስላችሁ። የጥርስ ሕመም አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚወጋው። ይሄ የፊት ድዴን ከዳር እስከ ዳር ያቃጥለዋል፤ ምላሴ ሲነካው እንኳን ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሳልነካውም ይደማል፤ ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ ደም አገኛለሁ። አገጬ ሥር ሽምብራ የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡ። ትኩሳትም አለ፣ ድካምም አለ። ሽታው ደግሞ! የራሱ አፍ የማይሸተው ሰው አለ አይደል? እኔ ግን ሸተተኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የቤት ኅብረት የሄድኩት። ሰፈራችን ውስጥ በየሳምንቱ አሥር አሥራ ሁለት ሆነን እንሰበሰባለን፤ እንዘምራለን፣ ቃል እናጠናለን፣ እንጸልያለን። የምንሰበሰበው እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ በልጅነታቸው ድዳቸውን የተነቀሱ እናት ናቸው። ሲስቁ ያ ጥቁር ሰማያዊ ድዳቸው ብቅ ይላል፤ ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ይስቃል። መሪያችን ወንድም ዳንኤል ኢንሹራንስ ውስጥ የሚሠራ፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ቢያንስም በጌታ ወንድማማቾች ነንና "አንተ" ነው የሚለኝ።

ዳንኤል በር ላይ አቀፈኝ። ትንፋሼ ደረሰው መሰለኝ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አለ። ዓይኔን አየው፤ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። ጉንጬን አየው፤ ገብቷል። ዳቦና ሻይ ሲቀርብ አፌን መክፈት ስላቃተኝ በእጄ ይቅርብኝ አልኩ። መዝሙር ሲጀመርም ዝም አልኩ። ዳንኤል ጠጋ አለና በጆሮዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቲቸር፣ ስንተኛ ቀንዎ ነው?"

እኔ ስለ ሕመሙ የጠየቀኝ መስሎኝ በጣቴ ሦስት ብዬ አሳየሁት።

የእኛን ቤት ለማታውቁ ነገሩን ላስረዳችሁ። እኛ ዘንድ ሰው ጾም ጸሎት ሲይዝ አይናገርም። ስትጾሙ ለሰው አትታዩ የሚለውን ቃል እንጠብቃለንና። ስለዚህ ጾመኛን የምናውቀው በምልክቱ ነው። ዳቦ አይነካም፣ ብዙ አያወራም፣ ፊቱ ይገረጣል። ከሁሉም በላይ ግን አፉ ይናገራል። ባዶ ሆድ የራሱ ሽታ አለው፤ ያንን ያሸተተ ወንድም አፍንጫውን አይዝም፣ ራሱን ነው ዝቅ የሚያደርገው። ሐኪም በምልክት በሽታ ይለያል፣ እኛ በምልክት ጾመኛ እንለያለን። ምልክቶቹ እንዲህ እንደሚመሳሰሉ ማን ነግሮን?

"ቀንዎ" ማለቱ ግን አላመለጠኝም። ከ"አንተ" ወደ "እርስዎ" በሦስት ጣት ተሻገርኩ። በዚያች ምሽት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ተራ በተራ ወደ እኔ መጣ። አንዱ የቪዛ ጉዳይ አለው፣ አንዷ የባሏ ነገር አላስተኛትም፤ "ሲጸልዩ ያስቡኝ" ይሉኛል። አፌን ከፍቼ ኧረ ታምሜ ነው ማለት አልነበረብኝም? ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣመኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ብሎኝ የሚያውቀው የባንክ ዘበኛ ብቻ ነበር። እንዲህ ዓይነት ክብር አግኝቶ የድድ ሕመም ነው ብሎ የሚያፈርስ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ቅዳሜ ደግሞ ለጸሎት ተራራ ወጣን። ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚያሻቅበው ባሕር ዛፍ ውስጥ በዓመት ሁለት ሦስቴ እንወጣለን። እኔን ከፊት አስቀደሙኝ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኛል፣ እነሱ ከኋላ ሆነው የመንፈስ ቅባቱ ነው ይላሉ። አንድ ዛፍ ሥር ተንበርክኬ መሐረቤን አፌ ላይ ያዝኩ፤ ድዴ ስለሚደማ ነው። እነሱ የማለቅስ መሰላቸውና አብረውኝ አለቀሱ። ታች ሲግናልና መገናኛ፣ ቆርቆሮውም ፎቁም አንድ ላይ ጭጋግ ውስጥ ይታያል። የሰው ልጅ ዓይን ይሄን ሁሉ አገር ያያል፤ ከአፍንጫው ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ያለውን ግን አያይም። ያን ቀን ይሄ አልታየኝም፤ አሁን ሳስበው ነው የሚገርመኝ።

ስንመለስ እትዬ አስካለ ቁልቁለቱ ላይ አስቆሙኝ። እሳቸው ብቻ "እርስዎ" አላሉኝም። "ልጄ፣ አንተን አይቼ አፈርኩ" አሉኝ። "እኔም ካንተ ጋር እይዛለሁ።" መንገዱ ያንሸራትታልና ክንድህን ልደገፍ ማለታቸው መስሎኝ ክንዴን ሰጠኋቸው። ያዙት። እስከ አስፋልቱ ድረስ ተያይዘን ወረድን። ለካስ እሳቸው የያዙት ክንዴን ብቻ አልነበረም!

እሑድ ሰብለ ከአዳማ ተመለሰች። ልትስመኝ መጣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ምን ሆነህ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ አራት ቀን ቅዱስ ሆኜ ሰንብቻለሁና ዓይኔን ዝቅ አድርጌ፣ ያው በጸሎት ነበርኩ ዓይነት ነገር አጉተመተምኩ። ሰብለ ሻንጣዋን አስቀመጠች። "አሥራ ስድስት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ። የጾም አፍህን አውቀዋለሁ። ይሄ ጾም አይደለም፤ ይሄ የሞተ ነገር ሽታ ነው" አለች። ከሕክምና ትምህርት ጋር ዝምድና የላትም፤ የመንገድ መሐንዲስ ናት። ግን ያለችው ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ሰኞ ጠዋት ጉርድ ሾላ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ አስገባችኝ። ዶክተር ሕይወት የምትባል፣ ተማሪዬ የነበረች የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። ከበሩ እስከ ወንበሩ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ገና ሳልቀመጥ፣ እሷ ማስክ አድርጋ እያለች፣ በድንገት ነው የጀመረዎት አይደል አለችኝ። ሳይነኩትም ይደማል? ምራቅዎ ብረት ብረት ይላል? እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል? አፌን አልከፈትኩም እኮ! ኅብረታችን ውስጥ ስውር ነገር የሚገለጥላቸው ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መገለጥ ግን በዓይኔ አላየሁም። ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ መስተዋት ሰጠችኝና ይዩት አለች። አየሁት። ጤነኛ ድድ በሁለት ጥርስ መሀል እንደ ድንኳን ጫፍ ሹል ብሎ ይወጣል። የእኔ ጫፎች የሉም። አይጥ የቆረጠማቸው ይመስላሉ። ላያቸው ላይ አመድማ ሽፋን ተጋድሟል፤ በጥጥ ጠረግ ስታደርገው ተነሳና ሥሩ ደማ። "በቃ፣ ታወቀ" አለች። ትልቅ መሣሪያ፣ ብዙ ምርመራ ስጠብቅ በቃ! ይሄን በሽታ የሚለየው ዓይን ነው አለችኝ፤ ሕመሙ፣ ሳይነካ መድማቱ፣ የድዱ ጫፍ መበላቱ፣ ሦስቱ ከተገናኙ ሌላ ምስክር አይፈልግም። ሽታውና ትኩሳቱ አጃቢ ናቸው። ራጅ ያነሳችኝ አጥንቱ ጋ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ደምም ያስመረመረችኝ የሰውነቴን መከላከያ ያዳከመ ሌላ ነገር እንዳለ ለማጣራት። ሁለቱም ደህና ሆነው ተገኙ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በድሮ ጦርነት ምሽግ ውስጥ የከረሙ ወታደሮችን በብዛት ይይዝ ነበር ስትለኝ፣ እኔ ምሽግ ገብቼ አላውቅም አልኳት። የፈተና ወረቀቱንና ዳቦ በሻዩን፣ የተውኩትን ቡርሽም ነገርኳት። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምሽግ አለ አለችኝ። ደግሞ ሕመሙን ያመጡት ጀርሞች ከውጭ አልገቡም፤ ድሮም አፍዎ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እርስዎ ሲደክሙ ጠብቀው ተነሱ እንጂ። ሌላ ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ ሥጋውን ጨርሶ አጥንቱ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ያን ጊዜ የፊት ጥርሶችዎ የሚይዛቸው አያገኙም አለች። መስተዋቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይሄ ሥጋ አርባ አራት ዓመት አንድ ቀን አመሰግናለሁ ሳልለው ጥርሴን ይዞ ቆሟል። እኔ የተጠራሁት "እርስዎ"፣ የሠራው እሱ! ወንድ ልጅ ድዱን አይቶ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰብለ አይታለች።

ዶክተሯ አደንዝዛ አጠበችልኝ፣ የሞተውን ጠረገችልኝ፣ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ገና ከወንበሩ ስነሳ ስልኬ ጠራ። ዳንኤል ነው። ቲቸር እባክዎ ይጸልዩ፣ እትዬ አስካለ ራሳቸውን እያዞራቸው ነው አለኝ። ምን ሆነው? ከቅዳሜ ጀምሮ ጾም ላይ ናቸው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ቲቸር ሳይፈቱ አልፈታም ብለዋል። የስኳር መድኃኒታቸውስ አልኩት። እሱንስ በሰዓቱ እየዋጡ ነው አለኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ። በባዶ ሆድ የስኳር መድኃኒት! ቁልቁለቱ ላይ ምን እንደያዙ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ውሸት አንድ ቀን አፍርሼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ኮንትራት ታክሲ ይዘን በመገናኛ አድርገን ወሰን በረርን።

እትዬ አስካለ አልጋቸው ላይ ተደግፈዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ተንበረከክሁ። እትዬ፣ እኔ አልጾምኩም አልኳቸው። ከንፈሬ ስለደነዘዘ "አልሶንኩም" ነው ያልኩት። ፈገግ አሉ። የጾመ ሰው ጾምኩ ይላል እንዴ አሉኝ። ኧረ ታምሜ ነው! እንዴታ ልጄ፣ ጾም ሥጋን ያሳምማል። የሐኪሟን ወረቀት አሳየኋቸው፤ የሐኪም ጽሑፍ ማን ያነባል? በካድኩ ቁጥር ቅድስናዬ ጨመረ። ዳንኤል እንኳን ትሕትናዬን አይቶ ዓይኑን ጠራረገ።

ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? የስልኬን መብራት አብርቼ አፌን ከፈትኩላቸው። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አደረጉ። ድዳቸውን በመርፌ ሲያስነቅሱ ያዩትን ስቃይ የሚያስታውሱ ሴት ናቸው፤ ድድ ያውቃሉ። ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ደረታቸውን መቱ። "ውይ ልጄን! ጾሙ ድድህን በላው!"

ላርማቸው ነበር። ቀጠሉ ግን። "እኔ የቀሩኝ ስድስት ጥርሶች ናቸው። ይሄን ድድ በስንት መከራ ያሳመርኩት ነው። ጌታ ልቤን አይቷል፣ ድዴን አይፈልግም። ዳንኤል፣ አጥሚቱን አሙቅልኝ!" ዳንኤል ወደ ጓዳ ሮጠ። ኩባያው ወደ አፋቸው ሲሄድ አየሁና የእኔን አፍ ዘጋሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊታቸው ተመለሰ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

ድዴም በሁለት ሳምንት አገገመ። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ነው ጥሎኝ የሄደው። የተበሉት ጫፎች እንደነበሩ አይሆኑም ብላኛለች ዶክተሯ፤ ግን ሮዝ ሆነዋል፣ ጠብቀዋል፣ በየጠዋቱ በመስተዋት ሰላም እላቸዋለሁ። በለስላሳ ቡርሽ እቦርሻለሁ፣ ሚንት በሚሸት ፈሳሽ እጉመጠመጣለሁ። እንዲህ አምሮብኝ ነው ኅብረት የተመለስኩት። ሁለት ቁራሽ ዳቦ በላሁ፣ ሳቅሁ፣ ዘመርኩ። ከዚያ ተነሥቼ እውነቱን አንድም ሳላስቀር ተናዘዝኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ብይኑም ወዲያው ወጣ፤ ቲቸር ቀዝቅዟል። እሳቱ ጠፍቶበታል። ዳንኤል ትከሻዬን ያዘና፣ "ሰላም ነህ ወይ?" አለኝ። "ነህ" ሰማችሁት? አንዲት እህት ጾም ጸሎት ይያዝለት ብላ ሐሳብ አቀረበች። እጅ ሲወጣ የመጀመሪያው የእትዬ አስካለ ነበር።

ዘልዬ ተነሣሁ። ኧረ ተዉ፣ ለራሴ ራሴው እጾማለሁ አልኩ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አወረዱ፤ ትንፋሼ መለስ አለልኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከንጋት ጀምሬ እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። እውነተኛ ጾም ነው፤ ስለ እሳቸው መትረፍ ምስጋና ጭምር ነበር። የዶክተሯን ትእዛዝ ግን አላጎደልኩም፤ ቦርሼ ተጉመጥምጬ ሄድኩ። ዳንኤል በር ላይ አቀፈኝ፣ አሸተተኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ተቀምጦ ዳቦው ሲዞር ይቅርብኝ አልኩ። ዳንኤል ከዳቦው ትልቁን ቁራሽ መርጦ እጄ ላይ አኖረልኝና፣ "ብላ አንተ" አለኝ፣ "ጾመኛ አትምሰል።"