ለሚስተር ዋልተር አያት ለቅሶ የደረስን ዕለት

እኛ ሰዎች ለቅሶ ላይ ጥያቄ አናበዛም። ሞተ ከተባለ ተነስቶ መሄድ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን የሚለው እዚያው ተቀምጦ ይደረስበታል። አገር ብንቀይርም፣ ሳይደውሉ የሰው በር ማንኳኳት ነውር የሆነበት ከተማ ብንገባም ይህቺን ጠባይ አልተውናትም። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

እዚህ ኦሃዮ፣ ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈራችን አጥር የምንጋራቸው ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ አሉ። ብቸኛ ናቸው፤ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ወቅት ሲመጣ ግን ቴሌቪዥናቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሳያልቅ ዘግተውት፣ በረንዳ ላይ ዓይናቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። ምነው ብላቸው፣ አያቴ ትዝ ብለውኝ ነው አሉኝ። ወዲያው የቤተ ክርስቲያናችን የለቅሶ ሚኒስትር የምንላቸው እትዬ አስካለ ኮል ሲያደርጉልኝ፣ ጎረቤቴ በአያታቸው አዝነዋል አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ምስር ወጥና ድፎ ዳቦ ይዞ ሚስተር ዋልተር ደጅ ቆመ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አያት ዕድሜያቸው ስንት ይሆን ብሎ ያሰላ አንድም አልነበረም። መካከላችን አካውንታንት ነበር።

ሽማግሌው ግራ ቢገባቸውም በሩን ከፈቱ። ሳሎኑን ሞልተን ተቀመጥን። ከጸሎቱ በኋላ እትዬ አስካለ በወጉ መሠረት፣ "ምን አሟቸው ነበር በልልኝ" አሉኝ። በእንግሊዝኛ አደረስኩ።

ሚስተር ዋልተር ዙሪያቸውን አዩ። ያ ቤት ይህን ያህል ሰው አይቶ አያውቅም። ከዚያ ይነግሩን ጀመር። አያታቸው ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። በዚያን ዘመን ጥፋቱ በማንም ላይ ይሠራ፣ የቅጣት ውርወራውን ሁሉ ቡድኑ የመረጠው አንድ ሰው ይወረውር ነበር፤ ያ ሰው አያታቸው ናቸው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሲያሸንፍ ከርሞ በመጨረሻው ጨዋታ ማብቂያ ላይ አቻ የምታደርገዋን ኳስ ሳቱ። በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነኩም፤ ሰዉም ነገሩን አልተወላቸውም።

"ቀብራቸው ላይ እንኳ በዚያች ኳስ ተቀልዷል" አሉ። "ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። ያለቀሰላቸው ሰው አላየሁም።"

ተረጎምኩ። እትዬ አስካለ፣ "እስከዚያ ቀን ሲያገቧቸው የከረሙትን ኳሶችስ ማን አነሳላቸው?" አሉ።

ከዚያ በፊት ሚስተር ዋልተርን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። "ማንም" አሉ፣ እንባቸውም መጣ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አብረው አለቀሱ፤ ቤቱም ተከተለ። አካውንታንቱ ከሁላችንም ባሰ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ስንወጣ አላስችል ብሎኝ እትዬ አስካለን ጠጋ አልኩና፣ ሰውየው ከሞቱ እኮ ሰባ ዓመት ሊሆናቸው ነው አልኳቸው።

ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ታዲያ ጎረቤታቸው አንተ አይደለህ?" አሉኝ። "ይሄን ያህል እስክንዘገይ ምን ትሠራ ነበር?"